የዘሪሁን ሁለት ዴስክቶፖች

ጠረጴዛውን ማጽዳት ቢታክተው ሌላ ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ጅቡቲ ወደብ አጠገብ በምንሠራበት የትራንዚት ቢሮ፣ ባልደረባዬ ዘሪሁን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ዴስክቶፕ ነበረው፤ በአንዱ የኮንቴይነር ሰነድ፣ በሌላው ዘፈን፣ ኳስና የሠርጉ ፎቶ። አንድ ፋይል ከሚሰርዝ ብሎ ሳምንት ሙሉ ተጎልቶ ሁለቱን የሚያቀያይር ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጻፈ። ይኼ ስንፍና ነው ወይስ ትጋት? ፍርዱን ለእናንተ።

ለመቀየር በየቀኑ ትእዛዝ መጻፍም ሲሰለቸው፣ ጫት ከተማ በሚገባበት ከቀኑ በሰባት ሰዓት ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲቀይር አደረገው። በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ማን ይሠራል?

አንድ ቀን ግን ሥራ ረዘመ። ድሬዳዋ ያደጉት አለቃችን ሙሴ ፋራህ በዘሪሁን ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ለመጣ ደንበኛ ሰነድ ሊያሳዩ ሲሉ፣ ሰነዶቹ ድርግም ብለው ጠፉና ዘሪሁን በሙሽራ ልብስ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

"ሰነዴስ?" አለ ደንበኛው ደንግጦ።

ዘሪሁን ወደ ኪቦርዱ ተንደረደረ። እኔም ከእንጀራው ተፈናቀለ ብዬ ሰጋሁ። አለቃችን ሰዓታቸውን አዩ።

"ጫት ገብቷል!" ብለው ደንበኛውን ክንዱን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ዘሪሁን፣ ነገ የእኔንም ኮምፒውተር እንዲህ አድርግልኝ። ብቻ የእኔን ስድስት ሰዓት ላይ አድርገው።"