እርጅናን ድል የነሣው የቀይ ሥር ክሬም

የሰው ልጅ ከእርጅና ጋር ባደረገው ታላቅ ትግል ውስጥ የመዋቢያ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ያስመዘገቡት ድል ሳይነገር ቢቀር፣ እኔ በበኩሌ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጡረታቸው ደርሶ ነበር። ወንበራቸውን ደግሞ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚሳሱለት። ስለዚህ ቦርዱ ጉዳያቸውን ለማየት ከመሰብሰቡ በፊት አዲስ ምርት አወጡ፤ በቀይ ሥር ቀለም የተሠራ የፊት ክሬም።

«እርጅና ማለት ዝገት ነው» ሲሉ ለሠራተኛው አብራሩ። «የተክል ቀለም አንቲኦክሲዳንት እንደመሆኑ መጠን ዝገትን በመከላከል ረገድ የማይተካ ሚና ይጫወታል!»

አጨበጨብን። ያልገባን ደግሞ አብልጠን አጨበጨብን።

ለአርአያነትም ጠዋት ማታ ይለቀለቁት ጀመር። ጉንጫቸው ቀላ። ባለቤታቸው ግንባራቸውን ዳብሰው «ትኩሳት ይኖርህ ይሆን?» አሏቸው እንጂ ወጣትነቱን ልብ አላሉትም። ናሙናዎቹ በብልቃጥ ተሞልተው በስብሰባው አዳራሽ መስኮት ላይ ተደረደሩ። ፀሐይም ቀኑን ሙሉ ስትጎበኛቸው ሰነበተች።

በስብሰባው ጠዋት ጸሐፊያቸው እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆነናል! ክሬሙ ዳለቻ ሆኗል። ከላይ በኩል ደግሞ ተጨማዷል።»

«ተጨማደደ አይባልም። በሰለ በይ።»

የቦርዱ ሰብሳቢ በዋዛ የማይሸወዱ ባልቴት ናቸው። አንዱን ብልቃጥ አንስተው ገለበጡት።

«መቼ ነው የተመረተው?»

«ባለፈው ሳምንት፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«ትንሽ… ብርሃን አይስማማውም።»

«ፊት ላይ የሚቀባ ነገር? ጨለማ ውስጥ ልንኖር ነው?»

ሥራ አስኪያጁ አላባቸው። ላቡ ቀይ ሆኖ ነጩ ኮሌታቸው ላይ ተንጠባጠበ። እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቴን በሉት።

ቦርዱ ከብዙ ምክክር በኋላ ውሳኔውን በሰብሳቢዋ አንደበት አሰማ።

«እርስዎ ለማርጀት ስድሳ ዓመት ፈጅቶብዎታል። ይሄ ሳምንት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ከሁለታችሁ የሚበረክተው እርስዎ ነዎት።»

በዚሁ መሠረት ክሬሙ ላበረከተው አስተዋጽኦ ምስጋና ተችሮት በክብር ጡረታ ወጣ፤ የሥራ አስኪያጁ የሥራ ዘመን ተራዘመ። የተረፈውን ክሬም መጣል አላስቻላቸውምና ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው እስከ ዛሬ ይቀቡታል።

ጉንጫቸው አሁንም ቀይ ነው። የማያውቋቸው ሰዎች አፍረው ይመስላቸዋል። ይህ ስም ማጥፋት ነው፤ ቀይ ሥር ነው።