ደመናዬን ጠላ አጠለልኩበት

ወገኖቼ፣ ከመሳቃችሁ በፊት ተቀመጡ። ዛሬ በገበያ ቀን፣ በካህን ፊት፣ በገዛ አፌ የተዋረድኩትን ውርደት ልነግራችሁ ነው!

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ፣ የልጅ ልጅ ያየሁ፣ እዚህ ላሊበላ ወረፋ የሚዘል ሰው ካየሁ ከዘራዬን የማነሳ ሴት ነኝ። አዲሶቹም ይኸው ተዋወቁኝ።

ልጄ ጥሩ ካሜራ ያለው ሞባይል ከሰጠችኝ ወዲህ የሰፈሩን ሰው ቤቴ እያስቀመጥኩ ፎቶ አነሳለሁ፤ እዚህ ገጼ ላይ እለጥፋለሁ። እናንተም ላይክ ታደርጋላችሁ። እኔም ተኮፈስኩ!

አንድ ሰው ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ጥሩነሽ።

እትዬን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ፊታቸውን በስቷቸዋል። በወጣትነታቸው አንድ ፎቶ አንሺ ፍላሽ አበራባቸውና፣ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከፊታቸው ቀድሞ ጉድጓዱ ታየ። ቀደው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ሲሆን ከሰው ጀርባ፣ ክርስትና ሲሆን ነጠላ ውስጥ ናቸው። ሁላችንም ግድግዳ ላይ ተሰቅለናል፤ እሳቸው የሉም።

ዓመት ሙሉ ለመንኳቸው። ሰሞኑን ከገነተ ማርያም ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ «እሺ፣ አንድ ጊዜ» አሉ። «ካስቀየምሽኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

አንድ ጊዜ!

እንግዲህ የፍላሹ ነገር እንዳይደገም መብራት መግዛት ግድ ሆነ። ዩቲዩብ ከፈትኩ። ወጣቶቹ «ለስላሳ ብርሃን፣ ለስላሳ ብርሃን» ይላሉ። ብርሃን እንደ ቅቤ ይለሰልሳል እንዴ? ብዬ ሳቅሁባቸው።

ሪንግ ላይት የሚሉትን ክቡን መብራት አየሁ። ዓይን ውስጥ ቀለበት ይተዋል፤ ሰው ሁሉ ድመት ይመስላል። ተውኩት።

ገበያው አጠገብ ያለችው የፎቶ ቤት ልጅ ሌላ አሳየችኝ። ሶፍትቦክስ ይባላል። አምፖሉ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ ውስጡ ያብረቀርቃል፣ ፊቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አለው። «ለጀማሪ ይሄ ነው እማማ፤ አንድ ይበቃዎታል» አለችኝ።

«አንድ? ለቀኙ ጉንጭ አብርቼ ግራውን ላጨልም? ቀኝና ግራ ጉንጭ የአንድ እናት ልጆች ናቸው!»

ሁለት ገዛሁ። በአድልዎ አልታማም!

ቤት ገብቼ ስገጣጥም ነጩን ጨርቅ አየሁት። አዲስ ፍሪጅ ላስቲክ ለብሶ ይመጣ የለ? ማሸጊያው ነው አልኩና ከሁለቱም አወለቅሁ። ደግሞስ መብራት አብርቶ የሚሸፍን ማን ነው?

ስስ፣ ንጹሕ፣ የማይቀደድ ጨርቅ ነው። መጣል ግፍ ሆነብኝ። የማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ ስለነበር በአንዱ ጠላ አጠለልኩበት። ሌላውን አጥፌ አስቀመጥኩ።

ዛሬ ጠዋት እትዬን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱን መብራቶች በክንድ ለክቼ፣ ከቀኝ አንድ ከግራ አንድ፣ እኩል አቆምኩ። አበራሁ።

«ኧረ አንቺ!» አሉ እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ቀትር ላይ አውድማ ያወጣሽኝ መሰለኝ!»

አነሳሁ።

ሞባይሉን ተቀብለው አዩት። እኔም በትከሻቸው ላይ አጎንብሼ አየሁ። እያንዳንዷ ጉድጓድ የየራሷን ጥላ ይዛ ቆማለች!

«ለካ ሰው የሚያየኝ እንዲህ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

እኔ ሲከፋኝ አላለቅስም፤ እጣላለሁ። «እስክመለስ በማርያም ይቆዩኝ!» ብዬ ሁለቱን መብራት በጆንያ ተሸክሜ ወረድኩ።

ቅዳሜ ነው፤ ገበያው ሞልቷል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ከፊት ከአሸተን ማርያም የወረዱ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። እና እኔ፣ ያቺ የወረፋ ዘበኛ፣ በሁሉም ፊት ዘልዬ ገባሁ!

«የእህቴን ፊት የሚያርስ መብራት ሸጥሽልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ይሄ ለድንጋይ ፈላጭ እንጅ ለሰው ፊት አይሆንም!»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ጆንያውን ከፍታ አየች።

«እማማ፣ ጨርቁስ?»

«የቱ ጨርቅ?»

«ነጩ፣ ከፊቱ የነበረው።»

«ማሸጊያውን? አወለቅሁታ!»

«የሁለቱንም?»

«የሁለቱንም። አንዱ ቤት አለ። አንዱን ጠላ አጥልዬበታለሁ።»

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አንቺ ሴት፣ ጣራውን ገፍፈሽ ‘ዝናብ ገባብኝ’ ልትከሺ ነው የመጣሽ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ! ከደጅ ያለው ገበያተኛ ሁሉ «ምን ተፈጠረ?» እያለ አንገቱን አስገባ። ተነገረው። እሱም ሳቀ።

መሬት አልተከፈተችልኝም።

ልጅቷ ግን እጄን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። የራሷን ሶፍትቦክስ ከነጨርቁ ወደ ፊቴ አስጠጋችው፤ ክንድ አይሞላም፤ ከፊት ለፊቴ ጥቂት ወደ ቀኝ። አበራችው። መስተዋት ሰጠችኝ።

ወገኖቼ፣ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ብርሃኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። የግንባሬ ሽብሽብ አልጠፋም፤ ግን ጠቡን ትቶ ተኝቷል!

«በክረምት ጠዋት ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ። «ጥላ የለ፣ ማጥበርበር የለ?»

«ያደግሁበት እኮ ነው ልጄ።»

«እንግዲህ አምፖሏ ፀሐይ ናት። ጨርቁ ደመናው ነው። ደመናው ሰፊ ሲሆንና ሲቀርብዎ ብርሃኑ ይለሰልሳል።»

ደመና!

በሰው እጅ የተሰፋ ደመና ገዝቼ፣ ጠላ አጠለልኩበት!

ተሸንፌም ሙግት አልተውም። «ግራው ጉንጭሳ? ተበደለ እኮ!» አልኳት። ነጭ ካርቶን አንስታ በግራዬ በኩል አቆመች። ከቀኝ የመጣው ብርሃን ካርቶኑን ነክቶ ወደ ግራ ጉንጬ ተመለሰ። ጥላው ሸሸ። «ሁለተኛ መብራት ለምን? ነጭ ጋቢም ይሠራዋል» አለችኝ።

እኔ ለሁለቱም እኩል ካልተሰጠ ብዬ ስሟገት፣ ተራ ካርቶን ያለፈውን ሰብስቦ ለጎደለው ያካፍላል! በዚህ ዕድሜዬ ስለ ፍርድ ከካርቶን ተማርኩ።

ስወጣ ቄሱን ተራዎን ወሰድኩ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ።

«እግዜር ይፍታሽ» አሉኝ። «ጠላውስ እንዴት ሆነ?»

«ጥርት ብሎ!»

ቤት ስደርስ እትዬ ጓዛቸውን አስረው በር ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የፊትዎ አይደለም። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ!»

«ውደቂና ማን ሊያነሳሽ ነው?» አሉ። ጓዛቸውን መሬት አስቀመጡ። «በይ ቶሎ በይ። የመጨረሻ ነው።»

አንዱን መብራት ብቻ፣ የቀረችኝን ጨርቅ አለበስኩት። ወደ ፊታቸው አስጠጋሁት። ጋቢዬን በግራቸው ወንበር ላይ ሰቀልኩ። እትዬ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ ከአገጫቸው።

አነሳሁ። ሰጠኋቸው።

ጠባሳው አለ። አልዋሽም፣ ያጠፋሁት ነገር የለም። ዝናብ እንደነካው አፈር በስሱ አለ። ግን አሁን ከሱ በፊት ዓይናቸው ይታያል። አወይ ዓይን!

እትዬ ስልኩን አቀረቡት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«አንቺ፣ አፍንጫዬ እንዲህ ቀጥ ያለ ነው እንዴ?»

አየሁት። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል! ሰባ ዓመት ሙሉ ጉድጓዱን ላለማየት ስንጠነቀቅ አፍንጫቸውን ያየ ሰው አልነበረም። እኔ እህታቸው፣ አብሬያቸው ያደግሁት፣ አላየሁትም!

«በጎን አንሺኝ» አሉ። አነሳሁ። «በዚያኛው በኩል።» አነሳሁ። «ቆይ፣ ሹሩባዬን ላስተካክል።»

እዚህ ልለጥፈው ብል «የማንም ላይክ አያሻኝም» ብለዋል፤ ስለዚህ አታዩትም። አርፋችሁ አትጠይቁኝ።

አሁን ችግሬ ሌላ ነው። ሞባይሌ ሞላሁ አለኝ። የእትዬን አንዱንም መደምሰስ አልቻልኩም። የራሴን እያጠፋሁ ነው፤ ሴልፊ፣ ሴልፊ፣ አሁንም ሴልፊ! ኧረ ለመሆኑ ይሄን ድንች የመሰለ አፍንጫ ለማን ላሳይ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያነሳሁት?