የሐጂ በርጩማ ዝሆን ላይ ወጣ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሻችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ።

ልክ ናችሁ፣ ማጋነን እወዳለሁ። የዛሬውን ግን ማጋነን አልቻልኩም። ራሱ ተጋኖ ነው የመጣው!

በአንድ ዝሆን ምክንያት፣ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ተዋረድኩ።

አዎ፣ ዝሆን። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ።

ቆይ ከሥሩ ልጀምር።

ለማታውቁኝ፣ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ጅማ ውስጥ «ጥሩ ሻይ አለ» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ እጄ አለበት። ሻዩ መጥፎ ከሆነ የለሁበትም። ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ስኳሩንና ግፊቱን ይለካል። እኔ የድሮ የህንድ ወታደር እስላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዲዛይን ሥራ ብዬ የገዛሁት ኮምፒውተር ውስጥ አንድ የስትራቴጂ ጌም ነበረበት። ጦር ትሰበስባለህ፣ ከተማ ትይዛለህ። የዓለም ሠራዊት ሁሉ ሞልቶበታል፤ ህንድ ላይ ሲደርስ ግን ሁለት ጦረኛና አንድ የከሳ ዝሆን ብቻ! ይህ ያናደዳቸው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተሰባስበው ሞድ ሲሠሩ አገኘኋቸው። ሞድ ማለት ሌላ ሰው በሠራው ጌም ላይ ወዳጁ የራሱን ሲጨምርበት ነው። ባለቀ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ እንደመቀጠል ቁጠሩት።

ሠዓሊ ቸግሯቸው ነበር። እጄን አወጣሁ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቀን ታፔላ፣ ከሥራ በኋላ ቀስተኛ፣ ጎራዴ ታጣቂ፣ ባለ ጠመንጃ፣ ግመል ጋላቢ። ጌሙ ውስጥ እያንዳንዱ የጦር ክፍል ካርድ የምታህል ስዕል አለችው፤ የእኔ ሥራ እሷ ናት። ክፍያ የለውም። ክፍያው ስሜ ነው! ሞዱ ሲከፈት «ሠዓሊ» ተብሎ ስሜ ከነአባቴ ይወጣል።

ባለቤቴ ብርቱካን «ዴልሂን ድል ያደረገውን ባል የኩሽናዋ ቧንቧ አሸነፈችው» ትላለች። እኔ ስዕሌን እቀጥላለሁ። ስሜ ሲወጣ ታያለች ብዬ ነው።

የቡድናችን መሪ ፕራካሽ የሚባል ህንዳዊ የታሪክ አስተማሪ ነው። ጥንቁቅ ነው ብል አነሰ። የወታደሩ ቀሚስ በቀኝ ብብት ይታሰር ወይስ በግራ ብሎ ሁለት ሳምንት ያከራከረኝ ሰው ነው። ጋሻውን፣ የጎራዴውን እጀታ፣ የዝሆኑን ጥሩር ሁሉ ከድሮ ስዕሎች እየለቀመ ይልክልኛል።

ፊት ግን ከየት ላምጣ?

ከራሴ ፈጥሬ ስስል ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ቀና አልኩ። መፍትሔው ደጄ ላይ ቁጭ ብሏል!

ከሱቄ በስተቀኝ ሐጂ አባ ቢያ አሉ። በርጩማ ጠራቢ ናቸው፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ፣ ያለ ሚስማር፣ ባለ ሦስት እግር። እሳቸው የጠረቡት ላይ የተቀመጠ ሰው ንግግሩ ሁሉ ይከብራል።

ከሱቄ በስተግራ ደግሞ ጋሽ ነጂብ አሉ። የፕላስቲክ ወንበር ነጋዴ ናቸው።

ችግሩ ገባችሁ አይደል?

ሁለቱ ለአሥራ ሁለት ዓመት የተነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። ሐጂ «ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ዕቃው ፀሐይ ላይ እየቀለጠ ነው» ይሉኛል። ጋሽ ነጂብ ደግሞ የሐጂ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተነሳ ሰው ወገቡን ይዞ ወደ እሳቸው ሱቅ እንደሚመጣ እንዳደርስላቸው ያዙኛል። አድርሼ አላውቅም። ሰው መሀል መኖር እንዲህ ነው።

ግን ፊታቸው! የሐጂ ነጭ ጢምና ጥምጥም! የጋሽ ነጂብ ወደ ላይ የተጠቀለለ ሪዝ! እነዚህ ሰዎች በስህተት ነው ጅማ የተወለዱት።

ከደዶ የመጣውን ሥጋ ሻጭ ቀስተኛ አደረግሁት። ከሊሙ ገነት ቡና የሚያመላልሰውን ሹፌር ግመል ላይ አወጣሁት። ዋናውን፣ የጦር ዝሆኑን፣ ለሁለቱ ጎረቤቶቼ አቆየሁ።

የጦር ዝሆን ሁለት ቦታ አለው። ጀርባው ላይ ባለው መቀመጫ የጦሩ ጌታ ይሰየማል። አንገቱ ላይ የብረት መንጠቆ የያዘ ነጂ ይቀመጣል። ለጌታው ሪዝ ያምርበታል ብዬ ጋሽ ነጂብን ጀርባው ላይ አደረግኋቸው። ሐጂን አንገቱ ላይ።

ጌታው የሚቀመጥበት ሲቸግረኝ ደግሞ ከሐጂ በር ላይ ያለችውን በርጩማ ከነጌጧ ገልብጬ ዝሆኑ ላይ ጫንኳት።

ምን ነክቶኝ ነበር? ወላሂ፣ ቀለሙን ብቻ ነው የማየው የነበረው!

ፕራካሽ መቀመጫዋ ከየትኛው ቤተ መንግሥት እንደተገኘች ጠየቀኝ። «ከግል ስብስብ» አልኩት። ባለቤቱ ያን ጊዜ ደጅ ላይ በመጥረቢያ ሌላ እየሠሩ ነበር። በጣም ወደዳት። ቀጥሎ ፊቶቹ እንዴት እንዲህ ሕይወት ሊኖራቸው እንደቻለ ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሁሉም ጎረቤቶቼና ወዳጆቼ ናቸው አልኩት።

አፌ! ምነው ያኔ ቀለም በጠጣሁበት!

ሕግ አለን አለኝ። የእውነተኛ ሰው ፊት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም፤ የድምፅ መልእክት ይበቃል፣ ግን ከእያንዳንዱ። ሥራው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አንድ ያልተፈቀደ ፊት ከተገኘ የእኔ ስዕሎች በሙሉ ይወጣሉ። ስሜም አብሮ።

የደዶው ሥጋ ሻጭ ወዲያው ፈቀደ። ሹፌሩም የግመሉ ሞዴል ስንት እንደሆነ ከጠየቀ በኋላ ፈቀደ። ሌሎቹም እንደዚያው። ሁለቱን ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ዛሬ ላይ ደረስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬን ይዤ ሐጂ ጋ ገባሁ።

ተንኮል ነበረኝ። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ብቻ አጉልቼ ነበር የያዝኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። «ማሻአላህ» አሉ። ሌላው እጄ የድምፅ መቅጃውን ሊነካ ነው...

ሐጂም ስልክ የሰጣችሁት ሽማግሌ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። በጣታቸው ነኩት።

ስዕሉ ተከፈተ። ዝሆኑ ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ዓይናቸው ከአንገቱ ወደ ላይ ወጣ። በርጩማዋ ጋ ቆመ። ፊታቸው በራ። «ይህቺ የእኔ እጅ ናት» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ትንሽ ከፍ አለ።

«ኩን ኤኙ?»

በኦሮምኛ «ይሄ ማነው?» ማለታቸው ነው። የድሮ የህንድ የጦር ጌታ ነው አልኳቸው።

«የጦር ጌታው ነጂብ ነው?»

ጋሽ ነጂብ ስማቸውን ሰምተው መጡ። እሳቸውን ተከትሎ ልብስ ሰፊው ሙላቱ መጣ። ሙላቱን ተከትሎ መንገዱ በሙሉ መጣ።

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አርባ ዓመት ጠረብኩ» አሉኝ በቀስታ። «አንድም ቀን እሱን አላስቀመጥኩባትም። አንተ ግን ልጄ፣ የእኔን በርጩማ ዝሆን ላይ አውጥተህ ፕላስቲክ ሻጩን አስቀመጥክባት። እኔን እግሩ ሥር።»

ጋሽ ነጂብ ስልኩን ተቀብለው ራሳቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሐጂ፣ ግን ትመቻለች» አሉ።

በቀጥታ! በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ቃል!

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዳይለምዳት በለው።»

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሐጂ ስልኩን መልሰው ሲቀበሉ ጣታቸው ወደ ጎን ሄደ፤ ቀጣዩ ስዕል መጣ። ነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ልዑል። ጥምጥሙ ላይ አልማዝ፣ አንገቱ ላይ ሦስት ዙር ሉል፣ ክንዱ ላይ ጭልፊት።

ፊቱ የእኔ!

እስቲ እናንተ ብትሆኑ? ሠላሳ ሰው በነፃ ስታስጌጡ ለራሳችሁ አንድ ፈረስ አታስቀሩም?

ልብስ ሰፊው ሙላቱ ጠጋ ብሎ አየ። «ፊቱ ያንተ ነው» አለ። «ወገቡ ግን የማን ነው? ባለፈው ወር ሱሪህን የለካሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ የጅሬንን ኮረብታ ሳይሻገር አልቀረም።

ጋሽ ነጂብ እንባቸውን እየጠረጉ «እኔስ በሪዜ ገባሁ፣ አንተ በምንህ ነው የገባኸው?» አሉኝ። ሐጂም ሳቁ። ተያይተው ሳቁ! አሥራ ሁለት ዓመት ማንም ያላስታረቃቸው ሰዎች በእኔ ወገብ ታረቁ።

ከዚያ እንደ ሽማግሌ ወግ ለፍርድ ተቀመጡ። ሐጂ በርጩማቸው ላይ፣ ጋሽ ነጂብ ከሱቃቸው ባስመጡት ቀይ ፕላስቲክ ላይ። እኔ ቆሜ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ፍርዱ አጭር ነበር። በርጩማዋ ላይ የጠረቧት ሐጂ ይቀመጣሉ። ጋሽ ነጂብ ወደ አንገቱ ይወርዳሉ።

ጋሽ ነጂብ አልወርድም አሉ። እኔም ፕራካሽ ያስተማረኝን ሁሉ አውጥቼ ለመንኳቸው። ዝሆኑ ጌታውን አይሰማም፣ የሚሰማው ነጂውን ብቻ ነው፣ ነጂ ያጣ ዝሆን ዞሮ የገዛ ሠራዊቱን ይረግጣል አልኳቸው።

አሰቡበት። ሪዛቸውን ጠቀለሉ።

«እንዲያ ከሆነ እኔ ካልነዳሁት ሐጂ የትም አይሄዱም?»

«የትም።»

«ቶሌ። ፈቅጃለሁ።»

ቀዳሁት! ሐጂም ስልኩን እንደ ማይክ አፋቸው ጋ ይዘው ፈቀዱ። የልዑሉን ፈረስ ልብስ ሰፊው ሙላቱ ፈቃዱን በድምፅ ሰጥቶ ወሰደው፤ ወገቡ ይስማማኛል አለ፣ እውነቱን ነው።

ተገላገልኩ ብዬ ልሄድ ስል ሐጂ ሰው ያልተገኘለት ስዕል እንዳለ ጠየቁኝ።

መዋሸት ነበረብኝ! አንድ አለ አልኩ። መድፍ የሚጎትቱ በሬዎች አሉ፤ ከኋላቸው በባዶ እግሩ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ። ያንን ሁን ብዬ ልለምነው የደፈርኩት ጎረቤት አልነበረም።

ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ተገኘ» አሉ።

ሰዓት የለም! ኮምፒውተሬን ደጅ ላይ ዘርግቼ መሳል ጀመርኩ። ሐጂ በርጩማቸው ላይ ደረታቸውን ነፉ። ጋሽ ነጂብ ከፊታቸው ጃንጥላ እንደ መንጠቆ ይዘው ተቀመጡ። «ነጂብ፣ ቀና በል፣ ዝሆኑ ይታዘብሃል» ይሏቸዋል ሐጂ። «እርስዎ ብቻ እንዳይወድቁ ይያዙ» ይላሉ ጋሽ ነጂብ። በመጨረሻ የበሬ ነጂው ሲቀር ስልኬን ወደ ራሴ አዞርኩና ፊቴን እንዳለ አንስቼ ሳልኩት። ከነላቡ፣ ከነቀለሙ፣ ከነውርደቱ። ማሳመር የለ፣ ማቅጠን የለ።

አሥራ አንድ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ላክሁ።

ፕራካሽ ወዲያው መለሰ። ሁሉም ተቀባይነት አግኝቷል። ዝሆኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን አብረው የዘመቱ ይመስላሉ አለኝ። ከሥራው ሁሉ የበለጠው ግን የበሬ ነጂው ነው አለ። እንዲህ ያለ ድካምና እፍረት ከራስ ተፈጥሮ አይሳልም፤ ይህ ሰው በእርግጥ የሆነ ነገር ደርሶበታል አለ።

ቀጥሎ ደግሞ ይህን ጻፈልኝ። «ማነው? የእሱን ፈቃድ አልላክህልኝም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠብቄሃለሁ።»

ስዕሉን ለብርቱካን ላክሁላት። «ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ቧንቧዋ ያሸነፈችው ዕለት እንዲህ ነበር የሚመስለው።»

አሁን ሩብ ጉዳይ ለአሥራ ሁለት ነው። የጋሽ ነጂብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ መቅጃውን ከፍቼ፣ ይህን እየጻፍኩላችሁ ነው። ሐጂ በርጩማዋን ከልክለውኛል። ከፈቀድኩ ስሜም ፊቴም አብረው ለዓለም ይወጣሉ፤ ስሜ «ሠዓሊ» ከሚለው ሥር፣ ፊቴ ከበሬው ጭራ ሥር።

እስቲ ፍረዱ ወገኖቼ፣ ይህን ምስኪን ልፍቀድለት?