ሞኝ፣ ወረቀትና መስኮት

ሽማግሌ የሚያስቸግረው ሲዘነጋ ነው የሚላችሁን አትመኑት። አደራውን የሚጠብቅ ሽማግሌ ይብሳል። ዛሬ ጠዋት አንድ መስኮት እንድጠብቅ አደራ ተሰጠኝ፤ ጠበቅሁት። ይኸው ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ውስጥ ገና አፈር አለ።

ነገሩ የልጅ ልጄ የትርንጎ ነው። እዚሁ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አድጋ፣ ገና በልጅነቷ ከእናቷ ጋር አሜሪካ ገባች። ዘንድሮ የነርስ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ከዚያ በፊት ልታየኝ ገዳሪፍ ስትመጣ ታዲያ፣ ከሻንጣዋ ጋር የፍርድ ቤት ቅጣት ይዛ መጣች። ጓደኛዋ ቤት ግብዣ ላይ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዛ ተያዘች። ጠጥታ አይደለም፤ ይዛ። በዚያ አገር ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው ቢራ መያዝም አይችልም። ወረቀቷ ደግሞ ሃያ ነሽ ይላታል። (እዚህ ቢሆን ዕድሜዋን የሚጠይቃት አልነበረም፤ መጠጥ የያዘን የሚገርፈው ጅራፍ ልጅና አዋቂ አይለይም።)

ዳኛው ሃያ ሰዓት ኅብረተሰቡን እንድታገለግል ፈረደባት። እኔ መንገድ የምትጠርግ፣ ለአሮጊት ውሃ የምትቀዳ መስሎኝ ነበር።

“አይ አባባ፣ በኢንተርኔት ነው” አለችኝ።

ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ መጠጥ ጉበትን ምን እንደሚያደርገው ታነባለች፤ ጥያቄ ትመልሳለች፤ ሰዓቱ ይቆጠርላታል። ኅብረተሰቡ ከዚህ ምን እንደሚደርሰው አልጠየቅሁም። አሥራ ስድስቱን ሰዓት ጨርሳለች። የቀረው አራት ሰዓት የሚፈጀው የመጨረሻው ትምህርት ነው፤ እሱም ዛሬ ካላለቀ መዝገቧ አይዘጋም። መዝገቡ ያልተዘጋለትን ሰው ትምህርት ቤቱ አይቀበልም።

ስለዚህ በማለዳ ዑስማን ኢንተርኔት ቤት ገባን። ዑስማን እዚሁ ገዳሪፍ የተወለደ የእኛው ልጅ ነው፤ ሱቁ የሰሊጥ መኪኖች ከሚራገፉበት ገበያ አጠገብ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል እንዳነበበች ትርንጎ ራባትና ፉል ልታመጣ ተነሣች።

“አባባ፣ አደራ፣ መስኮቱን እንዳይዘጉት። ከተዘጋ የዛሬው ሁሉ ውሃ በላው።”

“እኔ እያለሁ!” አልኳት።

አንባቢዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን መስኮት ያዩ ነበር? ሱቁ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ ከወንበሬ ጀርባ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ዞሬ አየሁት። ክፍት ነው። ደስ አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሰማዩ ቡና መሰለ። ሐቡብ የሚሉት አቧራ ነው፤ ግድግዳ ሆኖ እየተራመደ ይመጣል።

“ያ ዐም፣ መስኮቱን ይዝጉልኝ” አለ ዑስማን፤ በዐረብኛ አጎቴ ማለቱ ነው።

“አይዘጋም።”

“አጎቴ፣ ሐቡብ እኮ ነው።”

“አይቼዋለሁ። አይዘጋም። የልጅቷ ትምህርት ውሃ ይበላዋል።”

“በመስኮት ነው እንዴ የምትማረው?”

“እሱን እሷን ጠይቃት። እኔ ጠባቂ ነኝ።”

ሊዘጋው መጣ። ተነሥቼ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ዑስማን በደንብ ያደገ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ አይገፋም። ያን ጊዜ አቧራው በብብቴ ሥር ገባ፣ በጆሮዬ ዙሪያ ገባ፣ ስናገር ደግሞ በአፌ ገባ። ዑስማን አራቱን ኮምፒውተሮቹን ተራ በተራ አያቸው። ሲያቅተው ሄዶ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋው።

“ኸላስ” አለ፣ አበቃ ማለቱ ነው። “ማሽኖቼ ከሚቃጠሉ።”

ትርንጎ ፉሉን በነጠላዋ ሸፍና፣ ቅንድቧ ሁሉ አፈር ሆኖ ገባች።

“አባባ፣ መስኮቱስ?”

“አልተዘጋም” አልኳት፣ እጄን ሳላወርድ።

የጠፋውን ኮምፒውተር አየች። እኔን አየች። ኮምፒውተር ውስጥም መስኮት እንዳለ ያስረዳችኝ ከዚያ በኋላ ነው።  ለዑስማንም የፍርድ ቤት ቅጣት እንደሆነና ዛሬ ማለቅ እንዳለበት ነገረችው።

“ለመሆኑ ምን አጥፍታ ነው?” አለ ዑስማን።

“ዕድሜዋ ሳይደርስ ቢራ ይዛ” አልኩት።

አገላብጦ አያት። “ስንት ዓመትሽ ነው?”

“አባባን ጠይቃቸው” አለች።

እንግዲህ ልናገር። መጠለያ ጣቢያው ውስጥ የዱቄት ወተት የሚታደለው ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ብቻ ነበር። ትርንጎ ሰባት ሞልቷት ነበር። መዝጋቢው ሲጠይቀኝ አራት አልኩት፤ ቀጭን ስለነበረች አመነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ወረቀት ይኸው አራትን እንደያዘ አድጎ ሃያ ደረሰ። ልጅቷ ሃያ ሦስቷ ነው። ለዳኛው እውነቱን እንዳትነግረው፣ አሜሪካ ያስገባት ያው ወረቀት ነው። የእኔን ውሸት አፏን ዘግታ በሰዓት ትከፍላለች።

አቧራው ሲያልፍ ዑስማን መብራቱን ከቆጣሪው መለሰው። ከዚያ ዳኛ ሆነ። ለእሷ ኮምፒውተሩን መልሶ አበራላትና “እዚያ አሜሪካ ገና ጠዋት ነው፣ ቀኑ አላለቀም፤ ከሀ ጀምሪ” አላት። ለእኔ መጥረጊያ ሰጠኝ።

እሷ አራት ሰዓት አነበበች፤ እኔ አራት ሰዓት አፈር ጠረግሁ። እንደሚመስለኝ ዛሬ ኅብረተሰቡን በእውነት ያገለገለ እኔ ብቻ ነኝ፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ለእሷ መጣላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ መዝገቧ ተዘጋ።

ስንወጣ ከሻይ ሻጯ ዘንድ ወተት ያለው ሻይ ገዝታ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

“ይጠጡ አባባ፣ የእርስዎ ዕድሜ ይፈቅዳል።”

ፉት ስል ጭንቅ አለኝ። የዚያን የዱቄት ወተት ነገር ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት። ግማሹን ቆርቆሮ በሻይ አድርጌ የጠጣሁት እኔ ነበርሁ። ያለ ዕድሜዋ ጠርሙስ ያዘች ተብላ ተቀጣች፤ ዕድሜዋን የጠጣው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተያዘም።

አራቱን ሰዓት በመጥረጊያ ከፍያለሁ። ሦስቱ ዓመት ገና እኔ ዘንድ ነው።