የሚስተር ሂተር ለቅሶ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ቅጠሉ ረግፎ አልቆ ኦሃዮ ጥርሷን ማሳየት የጀመረችበት ሰሞን ነው፤ ሰው ካልተጠጋጋ አይሞቅም።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ግን መንግሥት የሚባለው ነገር አንድ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህንንም ያወቅሁት ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን፣ ኮሎምበስ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ሣር ላይ ተቀምጬ ነው። አሮጊት እዚያ ምን ትሠራለች አትሉኝም?

የአፓርትመንታችን ሂተር፣ ቤት ማሞቂያው፣ ተበላሸ። ላንድሎርዱን፣ አከራያችንን፣ ኮል ስናደርገው «ዊ አር ወርኪንግ ኦን ኢት»፣ እየሠራንበት ነው፣ ይላል፤ ይህቺን እንግሊዝኛ የሕንጻው አሮጊት ሁሉ በቃሏ ይዛታለች። እኔስ ጋቢዬን ደራርቤ እችለው ነበር። ጎረቤቴ አልማዝ ግን አስም አለባት፤ ብርድ ሲነካት ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። በረዶው ከሂተሩ ከቀደመ አልማዝ እንደማትከርም ገባኝ።

ተከራዮች መከርንና ሲቲው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ ቤታችንን የሚያይ ኢንስፔክተር እስኪልክልን ብለን ሣሩ ላይ ትናንሽ ድንኳኖች ተከልን። በመጀመሪያው ቀን ከሲቲው ደጋግ ሴቶች መጥተው ውሃ አደሉን፤ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት አቆሙልን፤ «መብታችሁ ነው» አሉን። መረቅኋቸው። በማግስቱ ከዚያው ሕንጻ ሌሎች ወጡና «ሣር ላይ ድንኳን ክልክል ነው» ብለው ድንኳኖቻችንን ጠቅልለው ወሰዱ። ሽንት ቤቱን ተዉልን። እንግዲህ አስቡት፤ መጠለያ የለንም፣ መሽኛ አለን። ሁለቱ ቢሮዎች አሳንሰር ውስጥ እንኳ ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

የእድራችን ንብረት ያዥ መኮንን፣ ሪከንባከር መጋዘን የሚሠራው ጎልማሳ፣ ይህን ጊዜ ብልጭ አለለት።

«እትዬ አስካለ፣ የእድሩ ድንኳን ዌስተርቪል ጋራዤ ውስጥ ተኝቷል። ላምጣው?»

«አንተ ደግሞ! አልማዝ ስትሞት ከምትተክለው ሳትሞት ትከለው እንጂ!»

ተከለው። ገና ካስማው ሳይጠብቅ አንድ ኮፍያ ያደረገ የሲቲው ሰው የክልከላ ወረቀቱን ይዞ ከች አለ። ይህ ምንድን ነው ቢለው መኮንን ደንግጦ «ፊዩነራል ቴንት»፣ የለቅሶ ድንኳን፣ አለው። እውነቱን ነው፤ የእድር ድንኳን ሌላ ምን ይባላል? ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ነገር በቀስታ ጠየቀ።

«ማን ሞተባችሁ ይላል» አለኝ መኮንን።

«ሂተሩ ነዋ!»

ሰውዬው ስሙን ከአፌ ቀልቦ «ሚስተር ሂተር» ብሎ ጻፈ። «ኦልድ?» አለ፤ አርጅቶ ነበር ወይ ማለቱ ነው። «ቬሪ ኦልድ» አለ መኮንን፣ ከንፈሩን ነክሶ። የሚከለከሉት ድንኳኖች ዝርዝር ቢገለበጥ ለቅሶ የለበትም። ሦስት ቀን ፈቀደልንና አድራሻችንን ተቀብሎ ሄደ። እናንተው ፍረዱ፤ እኔ ምን ዋሸሁ?

በሦስተኛው ቀን እኔ ቤት አልማዝን ሳስታምም በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው ነው፣ አበባ ይዞ። መኮንን ከኋላው ላብ በላብ ሆኗል። ገብቶ ተቀመጠ፤ ካፖርቱን አላወለቀም፤ ሲናገር ከአፉ ጭስ ይወጣል። የሟቹን ፎቶግራፍ ማየት ፈለገ።

«ፎቶ የለውም በለው፤ አስከሬኑ ግን አለ» አልሁና እጁን ይዤ ወደ ጓዳ ወሰድሁት። ዝገት የበላውን ሂተር አሳየሁት።

አየው። አየኝ። ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እየሳቀ እያለ አልማዝን ሳል ያዛት፤ አልቆም አላት፤ ትንፋሿ ሲያጥር ሰማ። ሳቁ ቆመ። እጁን ሂተሩ ላይ አኑሮ ቅዝቃዜውን ለካና ስልኩን አወጣ።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር መጣ። ላንድሎርዱ ታዘዘ፤ በማግስቱ ቤቱ ሞቀ። በዚያው ቀን ከሲቲው ሌላ ትእዛዝ ወጣ፦ ሟች ስለሌለ ድንኳኑ ይነሳ። ሽንት ቤቱ ግን ሁለት ሳምንት ብቻውን ሰልፍ ወጥቶ ከረመ።

አልማዝ ከረመች፤ አሁን ሞቀኝ ብላ መስኮት ትከፍታለች፣ እንጣላለን። አበባውን ሂተሩ አጠገብ አስቀመጥነው፣ በሙቀቱ ደረቀ። ሰውዬው ዛሬም ሲያገኘን ኮፍያውን ያነሳል። መኮንን ብቻ ተቀጣ። ሲቲው አይደለም የቀጣው፤ የእድራችን ኮሚቴ ነው። «ሟች በሌለበት ድንኳን አውጥቷል» ብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት።