ፋይል መላሹ ኦቦ ረጋሳ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ አንድ ነገር ጠፋ ሲባል ሳይጠሩት ከተፍ የሚል ሰው አለ። የጠፋውን ከማየቱ በፊት ያጠፋውን ይቆጣል። አምቦ በነበረው የምርጥ ዘር ፕሮጀክት ቢሯችን ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ኦቦ ረጋሳ ነበሩ።

በ1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሲመለሱ፣ የተሰረዘ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም በአንድ ፍሎፒ ይዘው መጡ። ያለን ኮምፒውተር አንድ ነው። እሳቸው ግን ሺህ በሽተኛ እንደሚጠብቀው ሐኪም ይጣደፋሉ።

«አትንኩት! አልጠፋም!» ይላሉ ገና ከበሩ። ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። «ማሽኑ የሚሰርዘው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። ጽሑፉ እዚያው ተኝቷል። ሌላ ነገር ካልጻፋችሁበት አስነሳዋለሁ፤ ቶሌ፣ እሺ?»

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ፈትለወርቅ አንድ ጊዜ እንዲያስቀምጡ የተሰጣቸውን ሌላ ፍሎፒ በወረቀት መብሻ በስተው ከደብዳቤዎች ጋር አሰሩት። «ደብዳቤ ነው ያለበት አላላችሁም?» ብለው ተከራከሩ። ኦቦ ረጋሳ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ተቀመጡ። ቀዳዳዎቹ ጽሑፉ ያለበትን የውስጡን ሳህን ለጥቂት ስተውት ኖሮ ጽሑፉ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! በሬ የጠፋበት የደንዲ ገበሬ ሳይቀር ምክር ሊጠይቃቸው መጣ ይባላል። እኔ በበኩሌ ሰልችተውኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ግን የሦስት ዓመት የበቆሎ ውጤት ያለበትን ፍሎፒ በአንድ ትእዛዝ ጠራርጌ አጠፋሁት። ላጠፋ የፈለግሁት እዚያው ላይ የነበረች አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ባኮ አክስታችን ቤት ለተደበቀው ወንድሜ ለኦልጅራ «ለብሔራዊ ውትድርና እየፈለጉህ ነው፣ እንዳትመጣ» ብዬ በመሥሪያ ቤቱ ማሽን ጽፌ፣ አትሜ የላክሁለት ደብዳቤ ናት። ብትገኝ ሁለታችንም አለቀልን።

ኦቦ ረጋሳ መጡ። ኃላፊያችን ጓድ ብዙነህ ከኋላቸው ቆሙ። ሠራተኛው ሁሉ እንዲሳካላቸው ሲጸልይ፣ እንዳይሳካላቸው የጸለይኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። የበቆሎው ፋይል ወጣ። ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ ጓድ ብዙነህም ፊታቸውን ወደ ሰዉ ሲመልሱ፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው የቀረችውን ደብዳቤም ከፍተው አንድ መስመር አነበቡ፤ ወዲያው ዘጓት። ወደ እኔ ዞር አላሉም።

«ያችኛዋስ?» አሉ ጓድ ብዙነህ ዝርዝሩን እያዩ።

«እሷ አትወጣም፣ ጓድ።»

«እርስዎ? እርስዎ አቃተኝ ሊሉ?»

ኦቦ ረጋሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቃተኝ» አሉ። ከዚያም የዕለቱን ሪፖርት እዚያው ደብዳቤዋ ላይ ጻፉባት።

ኦልጅራን ማንም አላገኘውም። ኦቦ ረጋሳ አቃታቸው የሚለው ወሬ ግን በአውቶቡስ ጊንጪ ድረስ ደረሰ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ እንኳ ቀለዱባቸው። ያ ኩሩ ሰው ሁሉንም ቻለው። እንዲህ የወደድኩት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ቢሮ በገቡ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ።

«ምነው ዛሬ አክባሪ ሆንክ?» ይሉኛል፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው።