የሰባት ቀን ድንች

ቀበቶ ሲጠብ ጥፋቱ የቀበቶው ይመስለናል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር ጫማ የሚሰፋ ሰውዬ ነበረና «አንድ ቀዳዳ ጨምርልኝ» እያልሁ እመላለስበት ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ቀበቶውን ዘርግቶ አየና፣ «መምህር፣ ከዚህ ወዲያ የምበሳው ቆዳ የለም። የቀረው አንተው ላይ ነው» አለኝ። በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ደግሞ የሸሚዜ ቁልፍ ተበጠሰ።

ይህ እንግዲህ በደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ተመድቤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ ሆድ ብቻ ነው። የተከራየሁት እትየ አለምነሽ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር። ጤፉን እኔ በጆንያ አመጣለሁ፤ እሳቸው ይጋግራሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሲያቀርቡ ታዲያ ለአንድ ሰው አይመስልም፤ ለደቦ ነው። ሦስት እንጀራ ተደራርቦ ይመጣል። የምችለውን እበላለሁ፣ የተረፈውን አንስተው ወደ ጓዳ ይመልሱታል። ከዚያ የት ይሄዳል? እናንተ ብትሆኑ ትጠይቁ ነበር? እኔ አልጠየቅሁም።

አልፎ አልፎ ከጓዳ በኩል ሳል ይሰማኛል። «ምንድን ነው እትየ?» እላለሁ። «ዶሮዋ ናት» ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ስትስል ሰምቼ አላውቅም። ግን ሽሮው ትኩስ ስለነበር አልመረመርሁም።

ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ የሄድሁት ወደ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። ራሱ ቋንጣ የመሰለ ሰው ነበር። የደም ግፊቴን ለካና ከንፈሩን መጠጠ። ሚዛን ላይ አቆመኝና እንደገና መጠጠ። «ልብህ የሁለት ሰው ሥራ ነው የያዘችው» አለኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ሽፋኑ የወለቀ የፈረንጅ መጽሔት አወጣ። አንዲት ቀጭን ሴት ድንች ይዛ ትስቃለች። ትእዛዙ ለሰባት ቀን ድንች ብቻ መብላት ነው፣ ተቀቅሎ። ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ በርበሬ የለ። «ልጣጩን ወፍራም አድርገህ አንሳው፤ ሆድ ይነፋል» ብሎ ደግሞ ከራሱ ጨመረበት። ለጋይንት ሰው ድንች ማዘዝ ለዓሣ ውኃ እንደማዘዝ ነው። ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲያዝዘው ድንቹም መድኃኒት ይመስላል።

ዓመቱ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሆን አልነበረም። ዝናቡ በሐምሌ ጀምሮ ነሐሴ ሳይጋመስ ተቋረጠ። ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። ከስማዳ በኩል የሚመጣው ሰው ጓዙን ተሸክሞ በከተማው መሃል ያልፋል። ወዴት ነው ሲሉት በእጁ ወደፊት ያሳያል እንጂ የአገር ስም አይጠራም። ቀበሌው ደግሞ ይለፍ ወረቀት የሌለውን እንግዳ ያሳደረ ይጠየቃል ብሎ አስነግሯል። እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ከተማ፣ እኔ ለመክሳት ብዬ ድንች ገዛሁ።

እትየ አለምነሽ ስነግራቸው አልገባቸውም።

«ስእለት አለብህ እንዴ ልጄ?»

«ስእለት አይደለም። ለመክሳት ነው።»

«ለምን?»

«ለመክሳት።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዲያ ሰባት ቀን አልጋግርም ማለት ነው?» አሉ።

«ያርፋሉ!» አልኋቸው። ትልቅ ውለታ የዋልሁላቸው መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። በሁለተኛው ቀን የጎረቤት ወጥ ሽታ አጥር ዘሎ መጣብኝ። በሦስተኛው ቀን ሰሌዳ ላይ አፍሪካን ስስል አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ድንች ነው?» አለ። እትየ አለምነሽ የቀቀሉትን ያመጡልኛል፤ እኔ እንደታዘዝሁት ወፍራም አድርጌ እልጣለሁ። ልጣጩን በሰፌድ አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው ይወስዳሉ። የበግ መኖ መሰለኝ። በግ እንደሌላቸው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

በስድስተኛው ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ዓይኔ ጨለመ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ዳይሬክተሩ ቤትህ ሄደህ እረፍ አለኝ። ቤት ስደርስ እትየ አለምነሽ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። የምጠጣው ፈልጌ የጓዳውን በር ገፋሁት።

ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ሰፌዱን በመሃላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ትልቋ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ከልጣጩ ላይ የቀረውን ነጩን በጥርሷ እየጋጠች ለታናሿ ታጎርሳለች። ሲያዩኝ አልጮኹም። ትልቋ ሰፌዱን ቀስ ብላ ወደ እኔ ገፋችው። የኔን ነገር መመለሷ ነበር።

እትየ አለምነሽ እንስራቸውን እንዳዘሉ በሩ ላይ ደረሱ። አልካዱም።

«የሟቹ ወንድሜ ልጆች ናቸው። ከስማዳ ከመጡ ሁለት ወር ሆናቸው። ቀበሌው እንዳይሰማ፣ አንተም ሰው በዛ ብለህ ቤቱን እንዳትለቅ ብዬ ደበቅኋቸው።»

«ጤፉስ? ጆንያው እኮ ገና ግማሽ አለው!»

«ጤፉማ ያንተ ነው። ትርፍህን ልብላ እንጂ ሳትበላ እንዴት አድርጌ ዱቄትህን አቦካለሁ?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም። እንዲያውም የከሰሱኝ መስሏቸው የሚፈሩ ይመስሉ ነበር።

ታዲያ ይህን ምን ትሉታላችሁ? ስድስት ቀን ሙሉ እኔ ከራሴ ሆድ ጋር ስጣላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ሰው አብሮኝ ከስቷል። ለእነሱ ድሬሰርም፣ መጽሔትም አላስፈለጋቸውም።

ያን ቀን ቂጣ ተጋገረ። ትልቋ፣ ስንዱ ነው ስሟ፣ በላች። ታናሿ ማሬ ግን የጎረሰችውን መለሰችው። ያ «ዶሮዋ ናት» የተባልሁት ሳል የእሷ ነበር። በማግስቱ ማሬን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። ድሬሰሩ ከሩቅ ሲያየኝ፣ «ሠራ! ከስተሃል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና ሳቁን ዋጠው። የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ አልዋሽም። «ስትመጣም የደከመች ናት፤ በራስህ አትፍረድ» አለኝ። ማሬ በአራተኛው ቀን አረፈች። ለቀብሯ ስም ማስመዝገብ ነበረብን። ቀበሌ ሄጄ የእህቴ ልጅ ናት አልሁ። በሕይወት ሳለች በዚያ መዝገብ ያልገባች ልጅ፣ ሞታ የከተማው ነዋሪ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ምግብ አስጠላኝ። እትየ አለምነሽን ይቅርታ ልጠይቅ ስሞክር አያስጨርሱኝም። «አንተ ምን አጠፋህ? ድንች በላህ እንጂ ሰው አልበላህ» ይላሉ። ይህ ማጽናኛ ነው? እሳቸው ለማጽናኛ ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ እኔ፣ እትየና ስንዱ ሦስታችን ከአንድ ገበታ እንበላ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እጄን ሰበሰብሁ። ስንዱ ማኘኳን አቆመች። ወደ ገበታው አየች፣ ወደ ጓዳው አየች፣ ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ተንበረከከችና በሁለት እጇ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» አለች። «እርስዎ ሲተዉ ነው የሚያልቅብን።»

አስተማሪ አይደለሁ? ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ላስረዳት አሰብሁ። እህል በበሉት ቁጥር እንደሚያልቅ፣ በተዉት ቁጥር እንደሚተርፍ ልነግራት። ግን ይህች ልጅ ያየችውን አይታለች።

አፌን ከፈትሁ።